ሰማያዊ ክር ያለበት ጋቢ

ዓመቱን በትክክል ይህ ነው ብዬ መናገር አልችልም። አባቴ ያረፈበት ዓመት መሆኑን አውቃለሁ። ክረምቱ የከፋ እንደነበረ፣ ሁሉቃ ወንዝ ሞልቶ የእንጨቱን መሻገሪያ ይዞት እንደሄደም አውቃለሁ። ዘመኑ የጃንሆይ ነው፤ አምቦ በወረቀት ላይ ሀገረ ሕይወት፣ በሰው አፍ ግን ያው አምቦ ነበረች። እኔ ዘጠኝ ወይ አሥር ዓመት ቢሆነኝ ነው። እናቴ ብትኖር ትነግረኝ ነበር እንዳልል፣ እሷም ዓመት የምትቆጥረው በወለደችውና በቀበረችው ነበር።

ነገሩን ያስታወሰኝ የዘንድሮው ፍልሰታ ነው። እኔ ኑሮዬ እጃጂ ነው፤ ለጾሙ ብዬ አምቦ ልጄ ቤት መጥቼ ነበር። ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ስንደርስ በሩ ላይ ነጭ የለበሱ ወጣቶች ቆመው አንዲት ልጅ ያነጋግራሉ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት። ደብተሯን በደረቷ አቅፋለች፤ ሱሪ ለብሳለች፤ ነጠላ የላትም።

«እህቴ፣ ቅር እንዳይልሽ፤ በዚህ አለባበስ አይገባም» ይላታል አንደኛው። በትሕትና ነው የሚናገረው፤ አልዋሽም።

«ከፈተና በፊት ልሳለም ብዬ ነው። ወዲያው እወጣለሁ።»

«ከውጪ ሆነሽ ተሳለሚ።»

ከኋላችን ያሉ ሁለት ሴቶች «የዘንድሮ ልጆች! ለጭፈራ ቢሆን የሚለብሱት አያጡም» ተባባሉ። ልጅቷ ሰማች። አንገቷን ደፋች።

እኔ ምን እንዳሰብኩ አላውቅም። ጋቢዬን አውልቄ ትከሻዋ ላይ ጣልኩት። ሰፊ ጋቢ ነው፤ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ደረሰ። ወጣቱ ፈገግ አለና መንገድ ለቀቀላት። እሷ ሁለት እርምጃ ሄዳ ዞር አለችና፣

«አባቴ፣ ጋቢው ምንድነው የሚሸተው?» አለችኝ።

«እንዶድ ነው።»

«እንዶድ ምንድነው?»

ምን ልበላት? ካቺሲ ያለችው የእህቴ ልጅ በየዓመቱ የደረቀውን ፍሬ ትልክልኛለች፤ ጋቢዬ በእሱ ካልታጠበ ደስ አይለኝም። «የድሮ ሳሙና ነው» አልኳት።

ልጄ ግን ቤት እስክንደርስ ድረስ ተቆጣችኝ። «አባዬ፣ በዚህ ዝናብ በሸሚዝ ብቻ! ሳንባ ምች ቢይዝህስ? ደግሞ የማታውቃት ልጅ! ይሄን ጠባይ ከየት ነው ያመጣኸው?»

በቃል ልነግራት ስጀምር ስልኳ ጮኸ። እኔ ደግሞ ከመካከል ከተቋረጥኩ መመለስ አልችልበትም። ስለዚህ ትምህርቴ ሦስተኛ ክፍል ላይ የቆመ ቢሆንም፣ የልጅ ልጄን ደብተር ተቀብዬ ቀስ እያልኩ ጻፍኩት።

አባቴ ግንበኛ ነበር። የሥራ ልብሱ ሁልጊዜ በኖራና በጭቃ የተለወሰ ነው። ለቤተ ክርስቲያን ብቻ የሚያወጣው አንድ ጋቢ ነበረው። አንድ ጊዜ ፋኖስ ነክቶት ጠርዙ ላይ የባቄላ ቅጠል የሚያህል ቀዳዳ ወጣበት። እናቴ ነጭ ክር ብታጣ በሰማያዊ ክር ጣፈችው። አባቴ አየውና ሳቀ። «ይሄ ማኅተሜ ነው። ቢጠፋ በዚህ አገኘዋለሁ» አለ።

በዚያው ዓመት ፋሲካ ላይ፣ «ለፍልሰታ አሥራ ስድስቱን ቀን ሳታጓድል ከጾምክ፣ እኔው ራሴ ይዤህ ገብቼ አቆርብሃለሁ» አለኝ።

«እኔ እኮ ጋቢ የለኝም።»

«አንዱ ለሁለት ይበቃል።»

ግንቦት ላይ የሚሠራው ግንብ ተናደበት። ሬሳው ከቤት ሲወጣ በነጭ ተጠቅልሎ አየሁ። ያ ነጭ ጨርቅ መግነዝ መሆኑን ማን ይንገረኝ? ለእኔ ጋቢው ነበር። አባቴ ጋቢውን ለብሶ ሄደ፣ እዚያ አፈር ውስጥ አይበርደውም ብዬ ተጽናናሁ። በማግስቱ አክስቴ መጥታ ጉደር ወሰደችኝ። አርባው ሲወጣ አልነበርኩም። የተመለስኩት ሐምሌ ሊያልቅ ሲል ነው።

ጾሙ ሲገባ የሰፈር ልጆች ሁሉ ፉክክር ጀመርን። «ምላስህን አውጣ!» እንባባላለን፤ ምላሱ ነጭ የሆነ ጾሟል፣ ቀይ የሆነ በልቷል። አንዱ ጓደኛችን ኖራ ልሶ ሲመጣ ሁላችንም አምነነው ነበር፣ በኋላ ሲያስመልሰው ነው የተነቃበት። እኔ ግን የእውነት ጾምኩ። አባቴ ባይኖርም ቃሉ አለ። አሥራ ስድስተኛው ቀን እቆርባለሁ፤ ማንም አያስቀረኝም አልኩ።

ያስቀረኝ ሰው በመጀመሪያው ቀን በሩ ላይ አገኘኝ። ባሻ ወልዴ ይባላሉ። የድሮ ወታደር ናቸው፤ አሁን የቤተ ክርስቲያኗ አጋፋሪ ሆነው በር ላይ ይቆማሉ። ረዥም ዱላ አላቸው፤ ሰው አይመቱበትም፣ ያመለክቱበታል። የዱላቸው ጫፍ ቁምጣዬ ላይ አረፈ። የካኪ ቁምጣ ነው፤ ከላይ የእናቴን ሹራብ ለብሻለሁ።

«ኳስ ሜዳ መሰለህ?»

«ልቆርብ ነው፣ ባሻ።»

«በዚህ? አንተ ልጅ፣ የወረዳው ገዢ ቤት እንኳ በዚህ አትገባም። ነጭ ለብሰህ ና።»

ሁለተኛውንም ቀን መለሱኝ። ሦስተኛው ቀን ላይ አላስገባ ካሉኝ የአባቴን መቃብር ልይ ብዬ በአጥሩ ዞርኩ። መቃብሩ ሰምጧል። ስንቀብረው ጉብ ብሎ የነበረው አፈር ጎድጉዶ ውሃ ቋጥሯል። ምን ነካው እያልኩ ወደ በሩ ስመለስ፣ ከነዳያኑ መካከል ግድግዳው ጥግ አንድ ሰውዬ ተቀምጧል። ጋቢውን በራሱ ላይ ተከናንቦ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ሁለቱን ጠርዝ በጉልበቶቹ መካከል ቆንጥጦ ይዟል። በግራ ጉልበቱ ላይ የባቄላ ቅጠል የሚያህል ሰማያዊ ጥፍ አለ።

ከጋቢው በታች እግሩ ይታያል። ሱሪው ተበጣጥሶ ክሩ ብቻ ቀርቷል።

የሰመጠው መቃብርና ይህ ጋቢ በአንድ ጊዜ ጭንቅላቴ ውስጥ ተጋጠሙ። ቆፍሮ አውጥቶ ገፎታል! ጮህኩ። «ሌባ! የአባቴን መቃብር የዘረፈ ሌባ! የአባቴ ጋቢ ነው፣ ሰማያዊው ክር የእናቴ ነው!»

ዛሬም የሚገርመኝ የእኔ መጮህ አይደለም፤ ልጅ ይጮኻል። ትልልቆቹ ሰዎች አንዲት ጥያቄ ሳይጠይቁ ማመናቸው ነው። ባሻ ወልዴ ዱላቸውን እያወዛወዙ መጡ።

«ድሮም ጠርጥሬያለሁ! ከወገብ በታች እንዲህ የሆነ ሰው ከወገብ በላይ እንዲህ ያለ ጋቢ ከየት ያመጣል?»

ሰው ከበበው። ሰውዬው አንድ ነገር ተናገረ፤ በጫጫታው አልሰማሁትም። ጋቢው ከሰው ራስ በላይ ሲነሣ ብቻ አየሁ። ፊቱን አላየሁም፤ ማየትም አልፈለግኩም። ባሻ ጋቢውን አራግፈው እኔው ላይ አለበሱኝ፤ ሁለት ዙር ዞሮኝ ተረፈ።

«አሁን ሰው መሰልክ። ግባ» አሉኝ።

ገባሁ። የዚያን ዕለት ቅዳሴ ከዳር እስከ ዳር ቆምኩ፤ አንገቴን ቀጥ አድርጌ።

እናቴ ቤት በረንዳው ላይ ባቄላ ትከካ ነበር። ስታየኝ እጇ ቆመ።

«ይሄን ከየት አመጣኸው?»

በኩራት ነገርኳት። ሌባው፣ መቃብሩ፣ ባሻ ወልዴ። እያወራሁ ፊቷ ሲለዋወጥ አያለሁ፤ ደስታ መስሎኝ ድምፄን ጨመርኩ።

«ዝም በል!» አለችኝ። «እኔ ነኝ የሰጠሁት። በአርባው ዕለት፣ በገዛ እጄ፣ ስለ ነፍሱ ብዬ ለነዳይ ሰጠሁ። የሞተ ሰው ልብስ እንደሚሰጥ አታውቅም?»

«አባዬ ለብሶት ሲወጣ አይቻለሁ!»

«ያየኸው መግነዝ ነው፣ የኔ ጌታ።»

«መቃብሩስ? ለምን ሰመጠ?»

«ክረምት ነዋ! የክረምት አፈር አይሰምጥም?»

ቁጭ አልኩ። ጋቢው ድንገት ከበደኝ።

«ለየትኛው ሰውዬ ነው የሰጠሽው? ፊቱ ምን ይመስላል?»

«ዓይኔ እንባ ሞልቶ ምን ፊት አያለሁ? ለእግዜር ነው የሰጠሁት፤ ለተቀመጠው ሰው ዘረጋሁለት።» ከዚያ ጣቷን አነሣች። «አንተ ለአባትህ ነፍስ የተሰጠውን ቀምተህ መጣህ። ሰውዬውን ፈልገህ በእጁ ሳትመልስ ቁርባን የሚባል ነገር እንዳታነሣብኝ።»

ነሐሴ ሦስት ነው ይህ የሆነው። አሥራ ሁለት ቀን ቀርቶኝ ነበር ማለት ነው።

በማግስቱ ጋቢውን አጥፌ ብብቴ ስር ይዤ በሩ ጋ ሄድኩ። ግድግዳው ጥግ ማንም የለም። ነዳያኑን ከዳር እስከ ዳር ተመለከትኳቸው፤ ጋቢ የለበሰ የለም። ከሁሉም ጫፍ፣ ዋርካው ሥር አንድ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። የጆንያ አንዱን ጥግ ወደ ሌላው ከትተው እንደ ቆብ ራሳቸው ላይ ደፍተውታል፤ ዝናብ ሲሆን ገበሬው ሁሉ እንደሚያደርገው።

«አከም ቡልቴ፣ ጉርባ» አሉኝ፤ እንዴት አደርክ፣ አንተ ልጅ ማለታቸው ነው።

«ነጋ» አልኳቸው፤ ደህና።

«ምን ጠፋብህ?»

«ሰውዬ።»

«ምን ዓይነት ሰውዬ?»

«ጋቢ የለበሰ።»

«ጋቢው ብብትህ ስር አይደለም እንዴ?»

«እሱን ነበር የለበሰው። ልመልስለት ነው።»

«እሺ፣ አሁን ታዲያ ምን ለብሷል?»

ይህን አላሰብኩም ነበር።

«ፊቱስ ምን ይመስላል? ጢም አለው? ረዥም ነው? አጭር ነው?»

«ጋቢ … ጋቢ ለብሶ ነበር።»

ሽማግሌው ጆንያቸውን ወደ ግንባራቸው ሳብ አደረጉ። ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ፤ በርዷቸው መሰለኝ። ትንሽ ቆይተው «እንግዲያው ፈልገው» አሉ። «እኔም ከዚህ አልጠፋም፤ ያለፈ ያገደመውን አይልሃለሁ።»

አሁን ስጽፍ አሉ፣ ነገሩኝ እያልኩ ነው። ያኔ ግን «አንተ» ነበር የምላቸው። የአባቴን እኩያ አንቱ እንድል ተምሬያለሁ፤ ግን ጆንያ የደፋ ሰው በሰው አፍ አንቱ ሲባል ሰምቼ አላውቅም ነበር።

መፈለግ ጀመርኩ። በገበያ ቀን ከእህል ተራ እስከ ከብት ተራ አካለልኩ። ፍል ውሃው ጋ በሽተኞች የሚታጠቡበት ቦታ ሄጄ ራቁት ትከሻ ሁሉ ስመረምር አንዲት ሴትዮ በጣሳ ውሃ ደፋችብኝ። የሰፈር ልጆች «መቃብር ጠባቂው መጣ! አባትህ ዛሬስ ምን ተሰረቀ?» እያሉ ይከተሉኛል። ጠዋት ጠዋት ዋርካው ሥር እየሄድኩ ለሽማግሌው እነግራቸዋለሁ።

«ትናንት የት የት ሄድክ?»

«ፍል ውሃ።»

«የለም?»

«የለም።»

«ዛሬስ ትተወዋለህ?»

«አልተውም።»

«ጎሽ» ይሉኛል፤ ደስ ሲላቸው አያለሁ።

ስምንተኛው ቀን ላይ ይመስለኛል፣ አንዲት ቆሎ ሻጭ፣ አንድ እርቃኑን የቀረ ለማኝ በጉደር መንገድ ሲሄድ አይቻለሁ አለችኝ። ለሽማግሌው ነገርኩና ሳልቆም ተነሣሁ። «ኧረ ቆይ! ጉደር ሩቅ ነው፣ ጾመኛ ነህ!» ሲሉ ከኋላዬ ሰማሁ። አልተመለስኩም። አክስቴ ስትወስደኝ በመኪና ስለሆነ መንገዱ አጭር መስሎኝ ነበር። ጉደር ስደርስ ቀትር አልፏል። ቆሎ ሻጯ ያየችው ሰው ወጣት ልጅ ኖሮ አንድ ዓይኑ የጠፋ ነው። «ጋቢ ተቀምተሃል?» ብዬ ብጠይቀው «ኖሮኝ ያውቃል?» አለኝ።

ስመለስ ዳገቱ ላይ አንሸራተተኝና ወደቅኩ፤ ጋቢው ከሥሬ። ጥቁር ጭቃ ጠጣ። ለመጀመሪያ ጊዜ ያለቀስኩት እዚያ ነው። ስላደፈ አይደለም። ባሻ በዚህ መልኩ ቢያዩኝ ዳግመኛ እንደማያስገቡኝ ነበር መጀመሪያ የመጣልኝ፤ ያን ማሰቤ ራሱ አናደደኝ።

በማግስቱ ሽማግሌው ጋቢውን ዘርግተው አዩት።

«ይሄን ነው የምትመልስለት? ሌባ ማለትህ ሳያንስ ደግሞ አቆሸሽከው ይልሃል።» ተነሡ። ሲቆሙ ያየኋቸው ያኔ ነው፤ አንድ እግራቸው አይታጠፍም። «ሂድ፣ እዚያ አጥሩ ጋ ያለችውን ሴትዮ እፍኝ እንዶድ ለምናት። ወንዙ ጋ እጠብቅሃለሁ።»

ሴትዮዋ ደረቁን ፍሬ በእፍኜ ሰጠችኝ። ሁሉቃ ዳር ድንጋይ ላይ አድርጌ ስወቅጠው ብናኙ አፍንጫዬ ገባና ማስነጠስ ጀመርኩ። አላቆመኝም። ሽማግሌው ይቆጥራሉ፤ «ሰባት … ስምንት … ይማርህ … ዘጠኝ!» አሥራ አንድ ላይ እሳቸውም አስነጠሱ። በሆዴ ውስጥ ምግብ ሳይኖር ያን ያህል ስቄ አላውቅም።

ውሃ ስንጨምርበት አረፋው እንደ ትኩስ ወተት ገነፈለ። ሽታው መራራም ነው፣ አረንጓዴም ነው፤ የተቀጠፈ ቅጠልና የረጠበ ድንጋይ ይሸታል። ጋቢውን በእግሬ ረገጥኩት። ጥቁሩ ውሃ ቡናማ፣ ቡናማው ግራጫ እየሆነ ሄደ።

«ሰማያዊዋን ቀስ! እንዳትተረትራት» አሉኝ። ከዚያ እኔ አንዱን ጫፍ፣ እሳቸው ሌላውን ጫፍ ይዘን በተቃራኒ እየጠመዘዝን ጨመቅነው።

«ለመሆኑ» አሉኝ እየጠመዘዙ፣ «ያ ሰውዬ በምኑ ነው ሌባ የመሰለህ?»

«ሱሪው የተቀደደ ነበር።»

«የኔስ?»

አየሁት። ክሩ ብቻ ነው የቀረው።

«ያንተም ተቀድዷል።»

«እኔስ ሌባ እመስላለሁ?»

«አንተማ አትመስልም» አልኩ፤ ጥያቄው ራሱ አስቆጣኝ። «አንተን እኮ አውቅሃለሁ።»

ጫፋቸውን አንድ ዙር ጠበቅ አድርገው አዞሩት። «ጠምዝዝ» አሉ፤ «ውሃው አላለቀም።»

ጋቢውን እናቴ ምድጃ አጠገብ አንጠልጥላ በሁለት ቀን አደረቀችው። እኔ የቀሩትን ቀኖች ፈለግኩ። አሥራ አምስተኛው ቀን አለፈ። ሰውዬው የለም።

አሥራ ስድስት ጠዋት ጎህ ሲቀድ ዝናቡ እንደ ገመድ ይወርዳል። ደወል ተደውሏል። የሰፈር ልጆች ነጭ በነጭ ሆነው፣ እናቶቻቸው ጃንጥላ ይዘውላቸው ይገባሉ። እኔ ጋቢውን እንዳይረጥብ ሆዴ ላይ አቅፌ ዋርካው ሥር ቆምኩ። ሽማግሌው ጆንያቸው ርሶ ቆዳቸው ላይ ተጣብቋል። ጥርሳቸው ይንቀጫቀጫል።

ያን ጋቢ ለብሼ ብገባ ባሻ ወልዴ ዱላቸውን አያነሡም። ይህን አውቃለሁ። ቁርባኑ ሃምሳ እርምጃ አይርቅም። አባቴ ቃል የገባልኝ ቀን ነው። ግን የእናቴም ቃል አለ፤ በዚያ ላይ እኚህ ሰው እየተንቀጠቀጡ ነው።

«አላገኘሁትም» አልኳቸው። «አሥራ ሁለት ቀን ፈለግኩ። ከነዳያኑ አንዱ ነው፣ አንተም ከነሱ ነህ። በርዶሃል። አንተው ልበሰው።»

ዘርግቼ ሰጠኋቸው። ሁለቱን እጃቸውን አውጥተው ተቀበሉኝ። ጆንያውን ጣሉ። ጋቢውን በራሳቸው ላይ ተከናነቡ፣ ጎንበስ አሉ፣ ሁለቱን ጠርዝ በጉልበቶቻቸው መካከል ቆንጥጠው ያዙ። ሰማያዊዋ ጥፍ መጥታ ግራ ጉልበታቸው ላይ ልክ ቦታዋ ላይ አረፈች።

ግድግዳው ጥግ የነበረው ሰውዬ ፊት ለፊቴ ተቀምጧል።

«አንተ ነህ!» አልኩ።

«እኔ ነኝ።»

«ለምን አልነገርከኝም? ጉደር ድረስ ሄጄ!»

ቀና ብለው አዩኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ፊታቸውን አየሁት ብል አልተሳሳትኩም፤ በየቀኑ እያየሁት አላየሁትም ነበር። ጢማቸው ሽበት ነው፤ ዓይናቸው ጥግ ላይ የሳቅ መስመር አለ።

«ኢልመ ኮ፣ ልጄ» አሉኝ፤ «ሰው እኔን ዘወር በል ይለኛል እንጂ ፈልጎኝ አያውቅም። አንተ ዝናብ ሳይል፣ ረሃብ ሳይል፣ አሥራ ሁለት ቀን ፈለግኸኝ። እስቲ ትንሽ ልፈለግ ብዬ ነው።» ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ጉደር የሄድክ ዕለት ግን አጥፍቻለሁ። ልነግርህ ተከትዬህ ነበር፤ ይሄ እግር ከመኪናው ድልድይ አላለፈም።»

«ሌባ ብዬሃለሁ። ማረኝ።»

«እግዜር ሁላችንንም ይማረን። ተነሥ፣ ቅዳሴው ሊያልፍህ ነው።»

«አልገባም። ነጭ የለኝም።»

የጋቢውን ግማሽ ከፍተው ወደ ጎናቸው ሳቡኝ። ምንም አልነገርኳቸውም ነበር፣ ስለ አባቴም ስለ ፋሲካውም። «ሰፊ ነው» አሉ፤ «ለሁለት ይበቃል።» ብብታቸው ሥር ገብቼ፣ በማይታጠፈው እግራቸው ልክ እየተራመድኩ ወደ በሩ ሄድን።

ባሻ ወልዴ ዱላቸውን አነሡ።

«ይሄ ደግሞ ምንድነው? ሁለት ራስ ያለው ጋቢ!»

«ባሻ» አሉ ሽማግሌው፣ ድምፃቸውን ሳያነሡ፣ «ባለፈው ከእኔ ላይ ገፈህ ለእሱ አለበስከው። ዛሬ ደግሞ ማንኛችንን ልትገፍ ነው?»

ባሻ አዩን። ጋቢውን አዩ፤ ሰማያዊዋን ጥፍ አዩ፤ ከሥሩ ቁምጣዬንና የተበጣጠሰውን ሱሪ አዩ። «እናቴ ናት የሰጠችው» አልኩ እኔ፣ ከጋቢው ውስጥ ራሴን አውጥቼ፤ «እሱ ሌባ አይደለም። እኔ ነኝ የዋሸሁት።» ሰው ሁሉ እንዲሰማ ጮክ ብዬ ነው የተናገርኩት፤ ያን ዕለት ሌባ ስል እንደጮህኩት ያህል። ባሻ ዱላቸውን ቀስ ብለው ወደ መሬት አወረዱት፤ አልፈን ከገባን በኋላ የረጠበውን ጆንያ አንሥተው አጥሩ ላይ ሲያሰጡት ዞር ብዬ አየሁ።

ቆራቢዎች የሚሰለፉበት ስንደርስ ሽማግሌው ጋቢውን ከራሳቸው አንሥተው እኔው ላይ መስቀለኛ አጣፉልኝ። እሳቸው ባዶ ደረታቸውን በእጃቸው አቅፈው ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ። ከሴቶቹ በኩል እናቴ ነጠላዋን ዓይኗ ላይ አድርጋ ታየኛለች።

ቆረብኩ። እንደተማርኩት አፌን በጋቢው ጠርዝ ሸፈንኩ። ጠርዙ እንዶድ እንዶድ ሸተተኝ።

ስንወጣ ዝናቡ አባርቷል። ጋቢውን አውልቄ በሁለት እጄ መለስኩላቸውና፣

«ስምዎ ማን ነው?» አልኳቸው።

ወደ ኋላቸው ዞረው አዩ፤ ሌላ ሰው ያናገርኩ መስሏቸው ነው። ማንም እንደሌለ ሲያዩ ሳቁና ነገሩኝ።

እንግዲህ ልጄ፣ ይሄን ጠባይ ከየት አመጣኸው ላልሽኝ፣ መልሴ ይኸው ነው፤ ኦቦ ለሜሳ ከሚባሉ ሰው ነው።